ሱዳናዊው በገንዳ ውሃ፣ ሐበሻው በገዳሪፍ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። የምዕራብ ጎንደሯ የገንዳ ውሃ ምእመናን ቄጤማ በራሳቸው አስረው የሌሊቱን ቅዳሴ ይጠብቃሉ፤ እማወራዎች ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳናውያን ደግሞ ረመዳንን 24ኛ ቀን ይዘዋል። ሁለቱም ወገን ጾሙን ሊፈታ ጥቂት ቀርቶት ሳለ፣ በዚያው ጠዋት ካርቱም ውስጥ የጄኔራል አብደልፈታሕ አልቡርሃን ጦርና በሄሜቲ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተኩስ ከፈቱ።

ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያዎቹ ሸሺዎች የሱዳን ድንበር ከተማ ገላባት ደርሰው ወደ መተማ ዮሐንስ መሻገር ጀመሩ። ቆላው በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጥላ ያገኘ በጥላ፣ ያላገኘ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ከተሻጋሪዎቹ መካከል ካርቱም ሠርተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ኤርትራውያን፣ ሶማሊያውያንና ቱርኮች ነበሩ፤ ከዚያም ራሳቸው ሱዳናውያን፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ትምህርቷን ያቋረጠችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በቶብ የተጠቀለሉ አሮጊት እናት። ኢትዮጵያን ከዚያ በፊት በዘፈን ብቻ የሚያውቁ ብዙ ነበሩባቸው።

እነዚህን እንግዶች ሳስብ ሁልጊዜ አብረው የሚታሰቡኝ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ በፊት በዚያው መንገድ ወደ ማዶ የተሻገሩት የእኛ ሰዎች። የአንድን አገር ኑሮና ፖለቲካ ከሌላው ጋር አስተካክሎ ሊመዝን የሚችለው በሁለቱም ቤት ያደረ ሰው ነው። ምዕራብ ጎንደር እንዲህ ያለ ሰው ሞልቶባታል፤ ሲጠየቅ ግን አላየሁም።

ግራ መጋባቱ ከሰዓት ይጀምራል። ሱዳን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ስለዚህ ከገላባት ወደ መተማ የተሻገረ ሰው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ አንድ ሰዓት ያጣል። በዚያ ላይ የእኛ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው። ገላባት ላይ የሱዳናዊው ስልክ ጠዋት 8 ሰዓት ሲል፣ መተማ ላይ በሰው አፍ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ዓመቱም እንደዚሁ ነው፤ እርሱ በ2023 ተሰደድኩ ይላል፣ የእኛ መዝገብ 2015 ይላል፣ የሂጅራው አቆጣጠር ደግሞ 1444 ነው። የጤና ጣቢያ ቀጠሮ፣ የመታወቂያ ማብቂያ ቀን፣ የልጅ ልደት ሁሉ በእነዚህ ሦስት አቆጣጠሮች መካከል ይመላለሳል። ቀጠሮ ያሳለፈ ስደተኛ ሁሉ ቸልተኛ እንዳልሆነ መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ ሁሉ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

ወደ ማዕድ ሲመጣ ርቀቱ ይጠባል። ማሽላ የሁለቱም ቆላ እህል ነው። ሱዳናዊቷ የቦካውን የማሽላ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ስስ አድርጋ ዘርግታ ኪስራ ታወጣለች፤ የመተማዋ እናት በዚያው ማሽላ እንጀራ ትጋግራለች። ዓሲዳቸው ከገንፏችን ብዙ አይርቅም። ፉልማ ከእነርሱ ወደ እኛ ተሻግሮ የአዲስ አበባ ቁርስ ከሆነ ቆይቷል። ጀበናውም አንድ ነው፤ እነርሱ ቡናው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምሩበታል፣ የእኛ ሰው ጤና አዳም ጣል ያደርግበታል።

ልዩነቱ ያለው መቀመጫው ላይ ነው። የሱዳን ሻይ የመንገድ ነው። ሻይ አፍይዋ ከዛፍ ሥር ከሰሏን አቀጣጥላ፣ ብርጭቆና የቅመም ጣሳዋን ደርድራ ትቀመጣለች፤ አጫጭር መቀመጫዎች ይከቧታል፤ አላፊ አግዳሚው፣ ተማሪውም ሹፌሩም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይከራከራል። በካርቱም መንገዶች ዳር በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከእኛ አገር የሄዱ ናቸው። የእኛ ቡና የቤት ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። የጎረቤቱ ገመና የሚነገረው፣ የመንግሥት ነገርም ድምፅ ተቀንሶ የሚነሳው እዚያ ነው።

እንግዳ አቀባበሉም እንዲሁ ነው። በሱዳን በረመዳን፣ በተለይ በገዚራ ገጠሮች፣ ወንዶች ምንጣፍና ትሪ ይዘው አውራ ጎዳና ይወጣሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚያልፈውን አውቶቡስ አስቁመው ተሳፋሪውን ሁሉ ያስፈጥራሉ። ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም። እኛም እንግዳ ተቀባይ ነን፤ ቤታችን የገባን ሰው ሳናበላ አንሸኝም፣ አልጋችንን ለቀን መሬት እንተኛለን። ነገር ግን እንግዳው በራችንን ማንኳኳት አለበት። ሱዳኖች መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። በዚህ እነርሱ ይበልጡናል፤ ይህን ለማለት ሱዳን የኖረ ሐበሻ ሁሉ ምስክሬ ነው።

እኛ ዘንድ የመጣው ሱዳናዊ ደግሞ የማያውቀው ሥርዓት ይገጥመዋል። ሥጋ ቤቱ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ተለያይቷል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ የምግብ ቤቱ ዝርዝር ወደ ሽሮና ምስር ይወርዳል። ይህንንም በቶሎ ይለምደዋል። በቆላው የሙስሊሙ ቁጥር ጥቂት አይደለም፣ አረብኛ የሚሰማና የሚናገር ነጋዴም በየሱቁ አለ፤ ስለዚህ የመተማ ባይተዋርነት የአዲስ አበባን ያህል አይከብድም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው አንዱ ስለ ሌላው ቀድሞ ይዞት የነበረው ሥዕል ነው። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በ1975 ዓ.ም. ማብቂያ የሸሪዓ ሕግ ካወጁ በኋላ መጠጥ በሱዳን ተከለከለ፤ ሙስሊም ላልሆኑት ክልከላው የላላው በ2012 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሱዳናዊ ለዕረፍት ወደ መተማ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር። የእኛ የመንገድ ዳር ከተሞች ሱዳናዊን ያወቁት በዚህ ገጹ፣ ገንዘቡን በሚበትንበት ሳምንት ነው። እነርሱ በተራቸው ሐበሻን ያወቁት በቤት ሠራተኛነት፣ በሻይ አፍይነትና በእርሻ ጉልበት ነው። አንዱ የሌላውን ምሁር፣ የሌላውን ሽማግሌ፣ የሌላውን ሐዘን ሳያይ ኖረ። ጦርነቱ ይህን ሥዕል ቀደደው። የካርቱም ሐኪም በኩመር የስደተኞች መጠለያ የእርዳታ ዱቄት ሲሰፈርለት ያየ የገንዳ ውሃ ሰው፣ ሱዳናዊን እንደ ድሮው ሊያየው አይችልም።

የጉልበቱን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ የሁለቱ ቆላዎች እውነተኛ ትስስር ያለው እዚያ ነውና። ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ናት። እንግሊዞች በ1930ዎቹ ዓ.ም. ገደምበሊያ በተባለው ቦታ የትራክተር እርሻ ከጀመሩ ወዲህ ዋልካው አፈር ለማሽላና ለሰሊጥ ታረሰ። የእኛ መተማ፣ ቋራና ሑመራም በዚያው አፈር ላይ ያንኑ ሰብል ያመርታሉ። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው፤ ፍሬው ደርሶ ከተከፈተ መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ሳይከፈት በፊት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ የሚባል ክምር ሆኖ ቆሞ መድረቅ አለበት። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት እጅግ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው የአጨዳ ሠራተኛ፣ ሳሉግ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ከፊሉም ክፍያው የተሻለ መስሎ ከታየው ድንበሩን አልፎ ገዳሪፍ ይገባል።

ሳሉጉ ሜዳ ላይ ያድራል። በዋልካው ስንጥቅና በዛፎቹ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትነክሰዋለች፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስይዘዋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከሙት ይገድላል። ደገኛው ከዚህ በሽታ ጋር ቀድሞ ስላልተላመደ ጉዳቱ ይበረታበታል። ገዳሪፍና መተማ ይህንን በሽታ እኩል ይጋራሉ። የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያና የሱዳን ጤና ጣቢያ ያንኑ ሠራተኛ በተለያየ ወቅት ሲያክሙ ኖረዋል። ሁለቱ መንግሥታት ስለ ድንበሩ የአልፋሽቃ መሬት የተነታረኩትን ያህል ስለዚህ ሠራተኛ ቢነጋገሩ ኖሮ ስንት ሕይወት በተረፈ!

መሬቱ ከጥንትም የቅይጥ ሰው አገር ነው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር አቅጣጫ ለሐጅ የወጡ፣ በመንገድ የቀሩ ተክሩሮች በገላባት ሰፍረው ገበያ አቋቋሙ፤ የጎንደር ነጋዴ ቡናና ሰሙን ይዞ እየወረደ ከእነርሱ ጋር ይገበያይ ነበር። ከዚያ የመሐዲስቶች ዘመን መጣ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር መተማን መትቶ አጠፋት፤ በዓመቱ የመሐዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደር ድረስ ወጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ቆሰሉ፣ ዐረፉም፤ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ ስማቸውን ይዛ ቀረች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬት ላይ መስመሩን ሲያበጅ ገላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ሆነች። አንድ የነበረ ገበያ ሁለት አገር ሆነ።

በትምህርት ቤት የምንማረው ከዚህ ታሪክ የደሙን ክፍል ነው። የቀረውን ማንም አይነግረንም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ጋር ለሚደረገው የመጨረሻ ትግል የተሰናዱት ካርቱም ተቀምጠው ነው፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ አጠገባቸው የተሰለፉት የሱዳን ወታደሮች ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከረሃብ የሸሸው ወገናችን የገባው ገዳሪፍ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግራቸው የወጡ ቤተ እስራኤላውያን በኡም ራኩባ መጠለያ ተቀመጡ፤ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4000 የሚጠጉት እንደሞቱ ይነገራል፤ ወደ 8000 የሚሆኑት በኦፕሬሽን ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያው ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ ከትግራይ ጦርነት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ሱዳን ሲሻገር። ሱዳን ያኔም የራሷ ዳቦ አልሞላላትም ነበር።

መንግሥታቱ በዚሁ ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ኢዲዩ፣ ከሱዳን ተነስቶ መተማንና ሑመራን ያዘ። ደርግ በአጸፋው የጆን ጋራንግን አማፂ ጦር፣ ኤስፒኤልኤን፣ በጋምቤላ አስታጠቀ። በ1983 ዓ.ም. ደርግን ያሸነፉት ኃይሎችም ጀርባቸው በሱዳን የተጠበቀ ነበር። በ1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ጣት የተቀሰረው ካርቱም ላይ ሆነና ግንኙነቱ እንደገና ሻከረ። ቤተ መንግሥት የጎረቤቱን ጠላት ያስጠጋል፤ ሕዝቡ የጎረቤቱን ስደተኛ ያስጠጋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መሬት፣ በአንድ ዘመን ሲሆኑ ኖረዋል።

ሱዳናዊ በገንዳ ውሃ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ከሁሉ በፊት የሚያስገርመው ዝምታችን ይመስለኛል። ሱዳናዊ ፖለቲካን በአደባባይ ያወራል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ አገሩ በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች ጀምሮ ሦስት ጊዜ፣ በ1957፣ በ1977 እና በ2011 ዓ.ም.፣ ወታደራዊ ገዢን በሕዝባዊ አመፅ አውርዷል። በመጨረሻው፣ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ፣ መምህራኑ፣ ሐኪሞቹና ጠበቆቹ በባለሙያዎች ማኅበር ተደራጅተው ሰልፉን መሩ፤ ወጣቱ በየሰፈሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ሚያዝያ 3 ቀን ዑመር አልበሽር ከ30 ዓመት ግዛት በኋላ ወረዱ። ግንቦት 26 ቀን በጦሩ ዋና መምሪያ ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ ያም ሆኖ ትግሉ አልቆመም። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ኅብረትና በኢትዮጵያ አሸማጋይነት የሽግግር ስምምነት ነሐሴ 11 ቀን ተፈረመ። ከእኛ ወገን አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ያንን ሥራ ሠርተዋል፤ ልንኮራበት ይገባል። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አብደላ ሐምዶክም በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት ያገለገሉ ሰው ነበሩ።

የእኛ የ1966 አብዮትም የተጀመረው በተማሪ፣ በመምህርና በታክሲ ነጂ ነበር፤ ፍሬውን የወሰደው ወታደር ነው። እዚህ ላይ የሁለታችን ታሪክ ይገጥማል። በሱዳንም ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ የሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ፤ ዓመት ከመንፈቅ ቆይተው እርስ በርሳቸው ተዋጉ። የተጣሉበት አንዱ ዋና ጉዳይ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በመደበኛው ጦር ውስጥ የሚካተትበት ጊዜና አዛዡ ማን ይሁን የሚለው ነበር። በዳርፉር ከጃንጃዊድ ሚሊሻ የተወለደውን ይህን ኃይል አልበሽር ራሳቸው ናቸው በ2005 ዓ.ም. በይፋ ያቋቋሙት፤ ለሥልጣናቸው ዋስትና ብለው ያሳደጉት ሁለተኛ ጦር አገሩን በላ።

የእኛው ክልል ሰው ደግሞ ይህን አይርሳ። የካርቱሙ ተኩስ ከመከፈቱ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን በመከላከያና በፖሊስ ውስጥ ለማካተት መወሰኑን አስታውቆ ነበር። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአንድ ሰሞን በአንድ ጥያቄ ተፈተኑ፤ ጦር የሚኖረው ማን ነው? በአማራ ክልል ተቃውሞው ወደ ፋኖ ውጊያ አደገ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሱዳናዊው ከአንድ ጦርነት ሸሽቶ አራት ወር ሳይሞላው ሌላ ጦርነት ውስጥ ተገኘ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በጉልበት የተመለሰ ጥያቄ ግን ምን እንደሚያስከፍል ካርቱም ነግራናለች፣ እኛም በራሳችን አይተነዋል።

አንድ ነገር ከሱዳኖች ልንማር እንችላለን። የሰፈር ኮሚቴዎቻቸው ጦርነቱ ሲመጣ አልፈረሱም፤ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች ተብለው ተደራጅተው መንግሥት በሌለበት ከተማ ለተራበው የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፣ ቁስለኛ አነሱ፣ ውሃ አከፋፈሉ። እኛ እድር አለን። መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ድንኳንና ሳህን አለው፣ አባሉ ይታመንበታል። ነገር ግን ከቀብር አልፎ ለሕያዋን መብት እንዲናገር አልፈቀድንለትም። ሱዳኖች ከሰፈር ተነስተው ፖለቲካ ሠሩ፤ እኛ ሰፈርን ከፖለቲካ በመለየት ሰላም የምናገኝ መስሎን ኖርን። የእነርሱ መንገድ ብዙ ደም አስከፍሏል፤ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ብመርጥ የእነርሱን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ እኛ በደል ልምጣ። ስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በክረምቱ ማብቂያ ኩመር ውስጥ ኮሌራ ገባ። ከዚያ የታጠቁ ሽፍቶች መጡ፤ ስልክ፣ ገንዘብና ልብስ ዘረፉ፣ አገቱ፣ ተኮሱ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከ1000 የሚበልጡ ስደተኞች ከአውላላ ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ፤ እንዳይሄዱ ተከለከሉና በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለሳምንታት ተቀመጡ። ዝናብ ወረደባቸው። በኋላ አፍጥት የሚባል ሌላ መጠለያ ተከፍቶ የቀሩት ወደዚያ ተዛወሩ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በደሉን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በዝርዝር አውጥቶታል።

በዚያው መንገድ ላይ የእኛም ሹፌር፣ የእኛም ገበሬ እንደታገተና እንደተገደለ አውቃለሁ። ሽፍታ ዘርና ሃይማኖት አይለይም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አካባቢውን የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣ ቤዛ የሚሰበስብለት ጎረቤት የሌለው ሰው ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሱዳናዊ የአፍጥር ትሪውን ይዞ አውራ ጎዳና ላይ በሚጠብቅበት አገር ኖረናል፤ እርሱ እኛ ጋ ሲመጣ ግን አውራ ጎዳናው የሚዘረፍበት ሆነ። ይህ ያሳፍረኛል።

ሕጉ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመማርና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣል፤ በአፍሪካ ከተመሰገኑት ሕጎች አንዱ ነው። በወረቀቱና በአፍጥት ድንኳን መካከል ያለውን ርቀት ማጥበብ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፣ የዞኑና የክልሉ ኃላፊዎች ሥራ ነው። መታወቂያው በጊዜው ይሰጥ። የጎንደር መተማ መንገድ ይጠበቅ፤ ጠመንጃ የያዘ ወገን ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የተቃዋሚ፣ ስደተኛውን ከጠቡ ያውጣው። የካርቱም ሐኪምና መምህር ሙያቸውን በገንዳ ውሃ እንዲሠሩበት ይፈቀድላቸው፤ ቆላው ሐኪምም መምህርም አልተረፈውም።

አንተም የመተማ የሰሊጥ ባለሀብት፣ አጨዳ ሲደርስ ከሂላው ሥር ሱዳናዊ ካገኘህ ለሳሉጉ የምትከፍለውን ለእርሱም ክፈለው፤ ማታም ሁለቱም አጎበር ይኑራቸው።